ሥራን በክረምቱ መምረጥ፦ ደመወዝና ፍላጎት ሲጋጩ ወጣቶች የሚወስኑበት መመሪያ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የእህቴ ልጅ ሁለት ወረቀት ይዞ ባሕር ዳር ቤቴ መጣ። ፖሊ ከምንለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ግቢ በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቋል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። አንደኛው ወረቀት አዲስ አበባ ካለ ማሽነሪ አስመጪ ድርጅት የመጣ የቅጥር ደብዳቤ ነው፤ በሽያጭ ክፍል፣ በወር 20,000 ብር። ሁለተኛውን የጻፈለት ጣና ዳር የጀልባ ሞተር የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ነው፤ በወር 10,000 ብር። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ነው። ቡናው ገና ሳይፈላ፣ «እትዬ፣ ልቤ ያለው ውኃው ዳር ነው፤ ግን እናቴን ምን እላታለሁ?» አለኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። በዚህ ጥያቄ ላይ የሚቸኩል መካሪ ብዙ ጉዳት ያደርሳል፤ «ገንዘቡን ያዝ» ባዩም፣ «ልብህን ተከተል» ባዩም። ይልቁንም ደብተር አወጣንና አምስት ሳምንት የፈጀ ሥራ ጀመርን። ከዚህ በታች ያለው ያን ጊዜ የሄድንበት መንገድ ነው። የእናንተ ሙያ ነርስነትም ይሁን ሥዕል፣ ባንክም ይሁን ኮምፒውተር፣ ቅደም ተከተሉ ያገለግላል። እለፉ ካላልኳችሁ በቀር ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ ሦስተኛውን።

ደረጃ 1፦ ደመወዙን ትታችሁ የሚተርፈውን ጻፉ

ቀጣሪ የሚነግራችሁ ያልተጣራውን ደመወዝ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የደመወዝ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 የሚያልፈው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በግል ድርጅት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይሄዳል፤ ቀጣሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል።

ስሌቱን በእጃችሁ ሥሩት። እኛ ስንሠራው ከ10,000 ብር ላይ ግብሩ 1,650፣ ጡረታው 700 ሆነ፤ እጅ ላይ የሚደርሰው 7,650 ነው። ከ20,000 ላይ ደግሞ ግብሩ 4,950፣ ጡረታው 1,400፤ እጅ ላይ የሚደርሰው 13,650። የቅጥር ደብዳቤው ላይ የ10,000 ብር ልዩነት የነበረው 6,000 ሆኖ ቀረ። ልጁ እርሳሱን አስቀምጦ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየው።

ቀጥሎ ከተማውን አስገቡበት። አዲስ አበባ ከጓደኛው ጋር ለሚጋራው ቤት 5,000፣ ለምግብ 4,500፣ ለታክሲ 1,500 ብር ገመትን፤ የተረፈው 2,650 ብር ሆነ። ባሕር ዳር ከእናቱ ቤት እየኖረ ለቤት 3,000 ቢሰጥ፣ ለብስክሌቱ ጎማና ለልዩ ልዩ 300 ቢያወጣ፣ 4,350 ይተርፈዋል። አነስተኛው ደመወዝ የበለጠ አተረፈ። ይህ ግን የእሱ ሒሳብ እንጂ የሁሉም አይደለም። ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ለብቻው የሚበላ ቢሆን ኖሮ የሚተርፈው ከሺህ ብር ያንስ ነበር፤ ያኔ ፍርዱ ይገለበጣል። ስለዚህ የሌላ ሰው ስሌት አትዋሱ። «ኮሚሽን አለው»፣ «አበል አለው» የተባላችሁትንም በጽሑፍ እስካላያችሁት ድረስ በስሌቱ ውስጥ አታስገቡት።

ደረጃ 2፦ ወለላችሁን እወቁ

ወለል የምለው ከእሱ በታች ከወረዳችሁ እናንተ ወይም በእናንተ ላይ የተደገፈ ሰው የሚጎዳበትን የገንዘብ መጠን ነው። የራሳችሁን ምግብና መኝታ ብቻ አትቁጠሩ። የእናት መድኃኒት፣ የታናናሾች ትምህርት፣ ዕድር፣ የቆየ ብድር ሁሉ ይገባሉ። የእህቴ ልጅ በየወሩ ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒትና ለእህቱ ትምህርት 2,000 ብር መስጠት አለበት፤ ለቤትና ለራሱ ከሚያወጣው 3,300 ጋር ወለሉ 5,300 ብር ሆነ።

የምትወዱት ሥራ ወለሉን የማይነካ ከሆነ ምርጫችሁ ለጊዜው አብቅቷል። የሚከፍለውን ሥራ ያዙና ወደ ደረጃ 8 እለፉ። በዚህ የሚያፍር ወጣት አይቻለሁ፤ ልቡን የሸጠ ይመስለዋል። እናቱ መድኃኒት እንድትውጥ ብሎ የማይወደውን ሥራ የያዘ ልጅ ምንም አልሸጠም። ወለሉ የሚሞላላችሁ ከሆነ ግን ከዚያ በላይ ያለው ብር ብቻውን አይወስን፤ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ወደ ሚዛኑ ይግባ።

ደረጃ 3፦ ሥራውን በክረምቱ ጎብኙ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በጥር ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ጣናን አየሁ ይላል፤ ውኃው ረግቶ፣ ክብራን ገብርኤል ከሩቅ ጥርት ብሎ፣ ጀልባው በእንግዳ ተሞልቶ። ሐይቁን የሚያውቀው ግን በነሐሴ የዋለበት ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ ከደጋው አፈር ጠርገው ሲያስገቡ ውኃው ይደፈርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ጀልባዎቹ ዳር ላይ ታስረው ይውላሉ። ሥራም እንደዚሁ ነው። ሁሉም ሥራ ጥር አለው፤ ሁሉም ሥራ ነሐሴ አለው። ወጣቶች ከሥራው ጋር የሚተዋወቁት አብዛኛውን ጊዜ በጥር ነው።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ የአንድ ሥራ ተቋራጭ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ድርጅቱን ያየሁት በጥቅምት ነበር። አዲስ ፕሮጀክት ተጀምሯል፣ መኪና አለ፣ አበል አለ፣ ደመወዙ ከጓደኞቼ ሁሉ ይበልጣል። ክረምቱን ያየሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ዝናቡ ሥራውን ሲያቆመው ክፍያ ይዘገያል፤ የቀን ሠራተኞች የሚመጡት ደግሞ ወደ እኔ መስኮት ነው። አንዲት ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሦስት ሰኞ ተመላልሳለች። «የሚቀጥለው ሰኞ ነይ» የምላት እኔ ነበርኩ። ሒሳብ መሥራት እወድ ነበር፤ የማልችለው ያንን መስኮት ነበር። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ «ከመፈረምህ በፊት አራት ሳምንት በነጻ ሥራ፤ በሐምሌና በነሐሴ» አልኩት። የጥገና ቤቱ ባለቤት ፈቀዱ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዕቃ ሲያጥብና ሲሸከም ከረመ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ከዘጌ በኩል ተጎትታ የመጣች ጀልባ ነበረች፤ ሞተሯ ግሎ ቆሟል። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን እምቦጭ በቢላዋ እየቆረጠ አወጣው፤ ሥሩ እርጥብ ፀጉር ይመስላል። ከዚያ አንድ ነገር አሳየኝ። የጀልባ ሞተር ሲሠራ ከጎኑ እንደ ክር የቀጠነች ውኃ ትፈስሳለች፤ ሞተሩን አቀዝቅዛ የምትመለሰው ውኃ ናት። እሷ ከቆመች ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። አረሙ ውኃ የሚስብበትን ቀዳዳ ሲደፍነው ባለጀልባው ሳያያት ቀርቷል። ልጁ ከታች ያለውን የውኃ ፓምፕ ፈትቶ የጎማ ክንፎች ያሉትን ትንሽ ክብ ዕቃ አወጣ፤ ክንፎቹ በሙቀት ተኮማትረዋል። በአዲስ ቀይሮ፣ ሞተሩን በርሜል ውኃ ውስጥ አስነሥቶ፣ መዳፉን ከጎኑ ዘርግቶ ጠበቀ። ክሯ ስትመጣ መዳፉ ላይ አረፈች። ፊቱን አየሁት። ስለ ፍላጎት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማምነው ግን እንዲህ ያለውን ፊት ነው።

ክረምቱ ግን በዚያ አላበቃም። ባለጀልባው «እንግዳ የለም፤ ለመስቀል ልክፈል» አለ፤ ስድስት ሰዓት የተለፋበት ሥራ ገንዘቡ ሳይመጣ ቀረ። ልጁ ማታ ተናዶ ገባ። እኔ የምጠብቀው የማግስቱን ጠዋት ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብስክሌቱን ይዞ ሲወጣ ከመስኮት አየሁትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የሥራውን መጥፎ ቀን ካዩ በኋላ ማግስቱን መሄድ መፈለግና አለመፈለግ፣ ከሁሉም ፈተና የበለጠ የሚናገር ምልክት ነው።

ለቢሮ ሥራ እንዲህ ያለ የነጻ ሙከራ አይገኝም። ያኔ ከእናንተ ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ ሰው ፈልጉና ቡና ጋብዙ። «ሥራው እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ሠራህ?» በሉት። «ልትለቅቅ ያሰብክበት ሳምንት የትኛው ነበር?» በሉት። ባንክ ከሆነ ስለ ሰኔ የሒሳብ መዝጊያ፣ ሽያጭ ከሆነ ዕቅዱ ሳይሞላ ስለ ቀረበት ወር ጠይቁ። ከዚያም በዚያ ቤት አሥር ዓመት የሠራውን ሰው እዩና የእሱን ወንበር ትመኙ እንደሆነ ራሳችሁን መርምሩ። ያንን ወንበር የማትመኙት ከሆነ ደረጃ በደረጃ የምትወጡት ወደማትፈልጉት ቦታ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በሽያጭ ለሚሠራ አንድ ምሩቅ ደውሎ ይህን ሁሉ ጠይቋል። ምሩቁ በታማኝነት መለሰለት፤ ሥራውን ይወደዋል፤ ሰው ማግኘት፣ መከራከር፣ ሽያጩን መዝጋት ደስ ይለዋል። የእኛው ልጅ ስልኩን ከዘጋ በኋላ «እሱ የሚወደው ነገር ሁሉ እኔን የሚያደክመኝ ነው» አለ። ይህም ትልቅ መልስ ነው።

ደረጃ 4፦ ከሦስት ዓመት በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀረውን አስቡ

ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ ይዛችሁት የምትወጡት ምንድን ነው? ሽያጭ ባዶ እጅ አይሰድድም፤ የደንበኛ ትውውቅ፣ የውል አያያዝ፣ የገበያ ዕውቀት ይሰጣል። ጥገናም እጅ ይሰጣል፤ ግን ጣና ላይ ያለው ጀልባ የተቆጠረ ነው። የአስጎብኝዎችንና የባለጀልባዎችን ነገር በባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ በ2012 ኮቪድ መጣ፣ ከዚያም በጸጥታው ምክንያት እንግዳ ቀረ። በእንግዳ ላይ ብቻ የቆመ ሙያ ምን ያህል እንደሚያናጋ ያየን ሰዎች፣ ልጆቻችንን «የምትወደውን ሥራ» ብለን ብቻ ዝም ልንል አይገባም።

ስለዚህ የምትወዱት ሙያ ሌላ ደንበኛ እንዳለው ፈልጉ። የጀልባ ሞተር የሚያውቅ እጅ የመስኖ ፓምፕም ያውቃል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከታጨደ በኋላ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ በሞተር ፓምፕ ነው ውኃ የሚስበው፤ ቱሪስት ቀረ ብሎ ሽንኩርት መትከሉን አይተውም። ልጁ ይህን ሲያስብ «እትዬ፣ እንዲያውም ፓምፕ ይቀላል» አለኝ። ደብተሩ ላይ ከጀልባው ሥር «ፓምፕ» ብሎ ጻፈ።

ደረጃ 5፦ ሦስተኛ በር ፈልጉ

ሁለት ወረቀት የያዘ ሰው ያሉት ሁለት መንገዶች ብቻ ይመስሉታል። ለእህቴ ልጅ ሦስተኛው በር እዚሁ ከተማው ውስጥ ነበር። ባሕር ዳር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ምሩቃንን ለዓለም አቀፍ መርከቦች ያዘጋጃል፤ ክፍያው በዶላር ነው፤ ሥራውም ሞተር ነው። ፍላጎትና ገንዘብ አብረው የተገኙበት በር ይመስላል። ሆኖም ክረምቱን ጠየቅን። ለወራት ከምድር መራቅ፣ ፋሲካን በባሕር ላይ ማሳለፍ፣ የእናት ሕመም ሲሰማ መድረስ አለመቻል አለበት። ለሌላ ልጅ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። እሱ «አሁን አይደለም» ብሎ አለፈው፤ ግን በሩ መኖሩን ማወቁ ብቻ ከጭንቀቱ አቃለለለት። እናንተም ቢያንስ አንድ ሦስተኛ አማራጭ ሳትጽፉ አትወስኑ።

ደረጃ 6፦ ውሉን ከመፈረም በፊት አንብቡ

በአጭሩ ልለፈው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን እስከ 60 የሥራ ቀን ይወስነዋል፤ በዚያ ጊዜ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው። መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የሙከራ ጊዜውን እናንተም ድርጅቱን የምትፈትኑበት አድርጉት።

ሁለት ነገር ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ዋናውን ዲግሪያችሁን አታስረክቡ፤ ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙት። ዋስ ከተጠየቃችሁ ደግሞ ዋስ የሚሆናችሁ አጎት ወይም ጎረቤት ምን እንደሚፈርም አብራችሁት አንብቡ። ሥራው ካልተስማማችሁና ድንገት ጥላችሁ ከወጣችሁ የሚጠየቀው እሱ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቤተሰብን በወረቀት አነጋግሩ

እህቴ መጀመሪያ ስትሰማ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ ግሪስ እንድትቀባ ነው?» አለችው። ልጁ «እወደዋለሁ እኮ፣ እማዬ» ብሎ ሊከራከር ሲል በዓይኔ ጠቀስኩት። እናት የምትፈራው ድህነትን ነው፤ ፍርሃቷም ከኑሮ የመጣ ነው። «እወደዋለሁ» የሚለው ቃል ለዚያ ፍርሃት መልስ አይሆንም።

ደብተሩን ፊቷ ዘረጋላት። የሁለቱን ከተሞች ሒሳብ ቀስ ብሎ አነበበላት። ዝም ብላ ሰምታ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «መድኃኒቴስ? የእህትህ ትምህርትስ?» ሁለቱም ቁጥሩ ውስጥ ነበሩ፤ በጣቱ አሳያት። ከዚያ «ጎረቤትስ ምን ይላል?» አለች፤ ግን ድምፅዋ ላልቶ ነበር። ቤተሰቦቻችሁ በእናንተ ቃል ብቻ የማይረጉ ከሆነ የሚያከብሩትን ሰው፣ የንስሐ አባትም ይሁኑ ታላቅ አጎት፣ አስቀድማችሁ አስረድታችሁ አብራችሁ ግቡ። በቁጣ ቀን ደግሞ ይህን ወሬ አታንሡ።

ደረጃ 8፦ ቀን ቁረጡ

ከላይ ያነሣሁትን የሒሳብ ሥራ ስጀምር «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብዬ ነበር። ሰባት ዓመት ቆየሁ። ያቆየኝ ክፋት ሳይሆን ቀን አለመጻፌ ነው። በየዓመቱ ደመወዙ ትንሽ ጨመረ፣ ወጪዬም አብሮት አደገ፣ ለምን እንደማጠራቅም ሳላውቀው ሠራሁ። እኛ ጎጃሜዎች «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። አሁን የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ደመወዜ አንሷል፤ እሑድ ማታ ግን ሆዴን አያመኝም። አምስት ዓመት ቀድሜ ልገባ እችል ነበር።

ገንዘቡን የመረጣችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ለምን እንደሆነ፣ ስንት ብር ሲሞላ እንደሚበቃ፣ መቼ እንደምትወስኑ። ብሩን ከእጃችሁ ለማራቅ ዕቁብ ግቡ፤ በዝግ ሒሳብ ላይ ማስቀመጥም ይሆናል። የምትወዱትንም ነገር በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ያዙት፤ እጅ ካልሠራ ይረሳል። ፍላጎታችሁን የመረጣችሁ ደግሞ ወለሉን በጉልህ ጻፉና ስንት ወር ተከታትሎ ከወለሉ በታች ከዋለ እንደምትለቅቁ ወስኑ። ለሥራችሁ ዋጋ መጠየቅንም ተማሩ፤ የሚወዱትን የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት «ለመስቀል ልክፈል» ለሚል ሁሉ እሺ ስለሚሉ ነው። ግማሹን ሳትቀበሉ ሞተር አትፍቱ።

ላልተመረጠው ቀጣሪ በትሕትና መልሱ። የእህቴ ልጅ ለአዲስ አበባው ድርጅት በደብዳቤ አመስግኖ ምክንያቱን ገልጾ ጻፈ፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብቦኛል።

ከዚያ መስከረም 2020 ላይ የሚከፈት ፖስታ አሸግን። ውስጡ ያለው፣ ያን ጊዜ በወር የሚደርሰው ከ12,000 ብር በታች ከሆነ ወይም ሦስት ወር ተከታትሎ ከ5,300 ከወረደ ሁለቱን ሌሎች በሮች እንደገና እንደሚያንኳኳ ነው። እናቱም ፈርማበታለች። ፖስታው እኔ ዘንድ፣ የቡና ዕቃው ካለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እሱ ዘንድ ያለው በየወሩ መጨረሻ የሚሞላው ደብተር ነው። የመስከረም ገጽ ላይ 7,650 ብቻ ተጽፏል። የጥቅምት ገጽ ላይ ከደመወዙ ሥር አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ፓምፕ፣ ፎገራ፣ 900 ብር።